ስድስት ፌሮ ወይስ ስምንት? ስልክ ውስጥ አለ ብለን ስለምናስበው ፋይል

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ሚክሰሩ ቆሟል። አሸዋና ጠጠሩ ተራግፏል፣ ሲሚንቶው ከሸራው ስር ወጥቶ ተደርድሯል፣ አሥራ ምናምን የቀን ሠራተኛ አካፋውን ተደግፎ እኔን ያየኛል። ፎርማኑ ጋሼ አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ። "ሲ 3 ስንት ፌሮ ነበር?" ሲ 3 ድሮዊንጉ ላይ የአንዱ ኮለን (ምሰሶ) ስም ነው።

ስልኬን አወጣሁ። ጉግል ድራይቭን ከፈትኩ፣ ድሮዊንጉን ነካሁት፣ ወዲያው ተከፈተ። ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፤ ፋይሉ ግን ተከፈተ። ትንሽ ኮራሁ እንኳ። "ስድስት ባለ 16" አልኳቸው፤ ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር የሆነ ማለት ነው።

ጋሼ ዝም ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ትናንት ማታ ደውለህ ሲ 3 ተቀይሯል አላልከኝም?"

ብያለሁ። ራሴ ነኝ የደወልኩት። ግን ስልኬ ላይ ያለው ስድስት ይላል። ጋሼ ከኋላ ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ፣ ዘረጉት፣ በጣታቸው ፈለጉ። እሱም ስድስት ይላል። ሁለት ምስክር ለስድስት ቆመ፤ ለስምንት የቆመው የኔ ማስታወስ ብቻ ነው። የኔን ማስታወስ ደግሞ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

ላልገባችሁ፣ የፉቲንግ፣ ማለትም የኮለኑ መሠረት፣ ሙሌት ቀን ነበር። የኮለኑ ፌሮ ከፉቲንጉ ጋር አብሮ ነው የሚቆመው። አርማታው አንዴ ከፈሰሰ በኋላ "ይቅርታ፣ ሁለት ፌሮ ረስቼ ነበር" ማለት አይቻልም። ይቻላል፣ ግን በመብሻና በኬሚካል ነው፣ ወጪውም ጭቅጭቁም አይጣል ነው። ቦታው ከሀዋሳ ተነስታችሁ በይርጋለም በኩል ወደ ውስጥ ገባ የሚል፣ እንሰትና ቡና የከበበው፣ አየሩ ደስ የሚል፣ ኔትወርክ ግን የሌለው ቦታ ነው። ሙሌቱን አስቁሜ "ኔትወርክ የት ይገኛል?" ብዬ ጠየቅኩ። አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ "ና" አለኝና ቀድሞኝ ሄደ። በእንሰቱ መሃል፣ ከዚያ በቡናው፣ ከዚያ ዳገት። አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ስር ስንደርስ ልጁ ቆመና ግንዱ አጠገብ ያለችውን ድንጋይ አሳየኝ። ድንጋይዋ ላይ ስትቆሙ ነው የሚሠራው። ወረድ ካላችሁ የለም። መንደሩ ሁሉ እዚያች ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው ለካ የሚደውለው፣ አናቷ ለስልሷል።

ድንጋይዋ ላይ የመጣው "ኢ" የምትባለዋ ፊደል ነች። በሷ 14 ሜጋባይት ፒዲኤፍ ማውረድ ማለት እራት ሰዓት እዚያው መድረስ ማለት ነው። ስለዚህ ቢሮ ደወልኩ። የሥራ ባልደረባዬ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አነበበልኝ፤ "ሲ 3፣ ስምንት ባለ 16፣ ስታፋ ባለ 8 በየ15 ሳንቲም።" (ስታፋ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት ነው።) መዳፌ ላይ በእስክርቢቶ ጻፍኩት። ስንመለስ ሠራተኛው ተዘርግቶ ተቀምጧል፣ ጋሼ ብቻ ቆመው ነበር። መዳፌን አሳየኋቸው። "አሁን ገባኝ" አሉ፣ "ስልኩ ለጌጥ ነው።"

ይህን ስድብ ይዤ ነው ማታ ሀዋሳ የገባሁት። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩና ስልኬን እንደ ተጠርጣሪ መመርመር ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ የቢሮውን ሰው ስልክ ሁሉ እየተቀበልኩ ፈተሽኩ፣ አንዳንዶቹ ሳይጠይቁኝ። ያገኘሁትን ነው እዚህ የምጽፈው። እናንተ ፌሮ ባታስሩም ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ፋይል የምትፈልጉበት ቀን ይመጣል፤ መስክ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ወይ መብራት ጠፍቶ አካባቢው ሁሉ ጭጭ ሲል።

መጀመሪያ የኔን ልናገር። የተበላሸው አንድ ነገር አልነበረም፣ ሁለት ነበር፣ ለዚህ ነው ያሳሳተኝ።

አንደኛው፣ ቢሮ ውስጥ አዲሱን ድሮዊንግ የጫነው ሰው አሮጌውን አልተካም፤ አጠገቡ ነው ያስቀመጠው። ድራይቭ ፋይልን የሚያውቀው በስሙ አይደለም። እያንዳንዱ ፋይል የራሱ መለያ አለው። ሁለት ፋይል አንድ ዓይነት ስም ይዞ አንድ ፎልደር ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥ ይችላል፣ ድራይቭ ምንም አይመስለውም። እኔ ከወር በፊት "ኦፍላይን ይሁንልኝ" ያልኩት አሮጌውን ነው፣ እሱም ታማኝ ሆኖ ስልኬ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። በኮምፒውተር ስትጭኑ ተመሳሳይ ስም ካገኘ ድራይቭ ይጠይቃችኋል፤ ያለውን ልተካ ወይስ ሁለቱንም ላስቀምጥ ይላል። ብዙ ሰው "ሁለቱንም" ይላል፣ ምንም እንዳይጠፋ ብሎ። መተካት ግን ማጥፋት አይደለም። አሮጌው እንደ ቀድሞ ቅጂ ለ30 ቀን ይቆያል፣ መለያው ያው ስለሆነም ስልክ ላይ ያለው የኦፍላይን ምልክት አይነቀልም፤ ስልኩ ኢንተርኔት ሲያገኝ አዲሱን ራሱ ያመጣዋል። ይህን ባውቅ ኖሮ ያቺን ዳገት አልወጣም ነበር።

ሁለተኛው የራሴ ጥፋት ነው። ማታውን አዲሱን ፋይል አግኝቼው ነበር። ሦስቷን ነጥብ ነካሁ፣ "ሜክ አቬይለብል ኦፍላይን" የሚለውን ነካሁ፣ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ፣ ተኛሁ። ግን ድራይቭ ሴቲንግ ውስጥ "ትራንስፈር ፋይልስ ኦንሊ ኦቨር ዋይፋይ" የምትል ነገር አለች፣ እሷ በርታ ነበር። ማለትም ፋይሉ በሞባይል ዳታ አይወርድም፣ ዋይፋይ እስኪያገኝ ይጠብቃል። እኔ ቤት ደግሞ ዋይፋይ የለም። ስልኩ እኮ ነግሮኛል! ዋይፋይ እየጠበቅኩ ነው የሚል ኖቲፊኬሽን መጥቷል። ከቴሌግራም ግሩፕ ኖቲፊኬሽን ጋር አብሬ ጠራርጌ አጠፋሁት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ይህ "ዋይፋይ ብቻ" የሚባል ነገር ቤቱ ዋይፋይ ላለው ሰው የታሰበ ነው። ቀን ውጭ ውሎ ማታ ቤት ሲገባ ሁሉ ነገር ራሱ ይወርዳል፣ ሰውየው አያውቀውም። እኛ ጋ ግን አብዛኛው ሰው ጥቅል ገዝቶ ነው የሚኖረው። ዋይፋይ የሚያገኘው ካፌ ወይ ቢሮ ነው። ስለዚህ ያቺ ቁልፍ ከበራች ፋይሉ ለሳምንት "እየጠበቅኩ ነው" ሊል ይችላል። እንግዲህ ምርጫው የናንተ ነው። አጥፏት፣ ነገር ግን ቪዲዮ ነገር ኦፍላይን ስታደርጉ ጥቅላችሁ እንዳያልቅ ተጠንቀቁ፤ የሌሊት ጥቅል ካላችሁ ትልልቁን ለሌሊት አቆዩት። እኔ አጥፍቻታለሁ። ጥቅሌ ቢያልቅ ሞልቼ እገዛለሁ፣ ፉቲንግ ግን አይገዛም።

ሆትስፖት ነው መፍትሔው የሚል ሰው አለ። የጓደኛዬን ሆትስፖት ከፍቼ እጠቀማለሁ፣ እሱ ዋይፋይ አይደል? ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። አንድሮይድ ሆትስፖትን ብዙ ጊዜ በቆጣሪ የሚሄድ ኢንተርኔት መሆኑን ያውቅበታል፣ አፑም "ይህማ ዋይፋይ መስሎ የመጣ ዳታ ነው" ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ስትገቡ "ሚተርድ" የሚል ቦታ ታገኛላችሁ፤ እሱን "አንሚተርድ" አድርጉት፣ ይለቃል። የካፌ ዋይፋይም የራሱ ጣጣ አለው። የመግቢያ ገጹን ሳትሞሉ ምልክቷ ሙሉ ሆና ትታያለች፣ ከኋላዋ ግን ምንም የለም። ማኪያቶ ጠጥታችሁ፣ ፋይሉ ወርዷል ብላችሁ ትወጣላችሁ።

ሌላው ብዙ ሰው ላይ ያየሁት ነገር የፎልደር ጉዳይ ነው። ሰው ፎልደሩን ኦፍላይን ላድርግ ብሎ ይሄዳል። የኔ ስልክ ላይ ድራይቭ ፎልደሩ ላይ ያን አማራጭ አይሰጠኝም፣ ፋይል ፋይሉን ነው። አንዱን ጫን አድርጌ ይዤ ሌሎቹን እየነካሁ በአንዴ ብዙ እመርጣለሁ፣ ከዚያ ሦስቷን ነጥብ። ድሮፕቦክስና ዋንድራይቭ ፎልደሩን ሙሉ ይይዛሉ፣ ግን ለከፋይ ነው። ነገሩ ግን እዚህ አያልቅም። ዛሬ አሥሩን ፋይል ኦፍላይን ብታደርጉ ነገ አንድ ሰው አሥራ አንደኛውን ሲጨምር እሱ ስልካችሁ ውስጥ አይገባም። በስሙ ይታያችኋል፣ ትንሿ ምስሉም ትታያለች፣ ስትነኩት ግን ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች።

ያቺ ትንሽ ምስል ናት ብዙ ሰው የምታታልለው። ድራይቭ የፋይሎቹን ስምና ትንንሽ ምስሎች ይዞ ይቆያል፣ ስለዚህ ኢንተርኔት ባይኖርም ዝርዝሩ ሙሉ ይመስላል። ትናንት ከፍታችሁ ያያችሁት ፋይልም አንዳንዴ ዛሬ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል። አንዳንዴ አይከፈትም። በአንዳንዴ ደግሞ አርማታ አይሞላም። እውነተኛው ዝርዝር ያለው በሦስቱ መስመር ሜኑ ውስጥ "ኦፍላይን" የሚለው ቦታ ነው። እዚያ ከሌለ የለም።

አሁን ወደ ስቶር ኪፐራችን ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህኛው እስካሁን ያሳፍረኛል።

ስቶር ኪፐራችን ጎበዝ ልጅ ናት። ሳይት ላይ የሚገባውንና የሚወጣውን ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ካዛፎርማ (አርማታው የሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ) ሁሉ ስልኳ ላይ ጉግል ሺትስ ውስጥ ትመዘግባለች። ፋይሉን ኦፍላይን አድርጋዋለች፣ በትክክል፣ ማንም ሳያስተምራት። ሳይት ላይ ኔትወርክ ሳይኖር ትሞላለች፣ ከተማ ስትመለስ ራሱ ይጫናል። አንድ ዓርብ ማታ ቢሮ መጣችና "ስልኬ ሞላ፣ ፎቶ እንኳ አልነሳ አለኝ" አለችኝ። ተቀበልኳት። እኔ ነኛ አዋቂው። አፖቹን በያዙት ቦታ ደረደርኳቸው፣ ድራይቭም ሺትስም ብዙ ይዘዋል። "ይሄ ክላውድ ላይ አለ፣ ምንም አይሆንም" አልኩና "ክሊር ዳታ" የሚለውን ነካሁ። ለሁለቱም።

ስልኩ ቀለል አለ። እሷም አመሰገነችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ደወለች። የአራት ቀን ምዝገባ የለም።

ምን መሰላችሁ የሆነው? ያን ሳምንት ከሳይት የመጣችው ማታ ነው፣ ስልኳ ላይ ጥቅል አልነበረም፣ የሞላችው ነገር ገና አልተጫነም ነበር። ያለው እዚያ አፑ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። እኔ ሆዱን አጠብኩት። ክላውድ ላይ የነበረው የሰኞው ነው፤ እሱ በደህና ተመለሰ፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ግን የትም የለም። ሪሳይክል ቢን የለ፣ የቀድሞ ቅጂ የለ፣ ምክንያቱም ሰርቨሩ አይቶት አያውቅም። ቅዳሜን ሙሉ ሁለታችን ቢሮ ተቀምጠን ከደረሰኝና ከጥራዝ ላይ እያየን ደግመን ሞላነው። አሥራ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ የት እንደገባ አጥተን ሁለት ሰዓት ፈለግን፣ በመጨረሻ ሽንት ቤቱ ወለል ላይ እንደዋለ ለጋሼ ደውለን አወቅን። ምሳ ጋበዝኳት። ዓሣ ጉላሽ። ይቅር አለችኝ መሰለኝ።

ስለዚህ ይህን ያዙልኝ። የኦፍላይን ፋይሎች የሚቀመጡት አፑ የራሱ ጓዳ ውስጥ ነው። ፋይል ማናጀር ከፍታችሁ "ዳውንሎድ" ውስጥ ብትፈልጉ አታገኟቸውም። ሜሞሪ ካርድ ብትጨምሩም ወደዚያ አይሄዱላችሁም፤ የሚበሉት የስልኩን የራሱን ቦታ ነው፣ ቦታው ሲያልቅ ደግሞ መውረዱን ያቆማሉ። "ክሊር ዳታ" ስትሉ ይጠፋሉ። አፑን አራግፋችሁ ስትጭኑ ይጠፋሉ። ከአካውንቱ ስትወጡም እንደዚያው። ስልኩ ላይ ያለው "ስልክዎን ያጽዱ" እያለ የሚለምን አፕም ምን እየጠረገ እንደሆነ እዩት። ያልተጫነ ሥራ ካለ መጀመሪያ ኢንተርኔት አግኝታችሁ ይጫን፣ ከዚያ በኮምፒውተር ወይ በሌላ ሰው ስልክ ገብታችሁ መድረሱን እዩ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን አጽዱ። ከዚያ በፊት እጃችሁን ሰብስቡ። እኔ አሁን የሰው ስልክ ላይ "ክሊር" የሚል ቃል ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል።

እግረ መንገዴን ስለ ባትሪ። ብዙ ስልክ ስክሪኑ ሲጠፋ ከኋላ የሚሠራውን አፕ ይገድለዋል፣ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ። ትልቅ ፋይል ኦፍላይን አድርጋችሁ ስልኩን ኪሳችሁ ስትከቱ መውረዱ መሃል ላይ ይቆማል። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ድራይቭ፣ ባትሪ፣ እዚያ "አንሪስትሪክትድ" አድርጉት። "ዳታ ሴቨር" ካበራችሁም ድራይቭን ከሱ ነጻ አውጡት። ወይ ሰነፍ መንገድ አለ፤ እኔ እሱን ነው የምጠቀመው፤ ወርዶ እስኪያልቅ አፑን ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ።

አለቃችን አይፎን ነው የሚይዙት። "የኔ አይጠፋም" ይሉ ነበር። አይክላውድ ነጻው 5 ጊጋባይት ነው፣ እሳቸው ግን ይከፍላሉ፣ ቦታ አላቸው። ችግሩ ስልኩ ላይ ያለው ቦታ ሲጠብ አይፎኑ ብዙ ያልነካችሁትን ፋይል ከስልኩ ላይ አጥፍቶ ክላውድ ላይ ብቻ ይተወዋል። ፋይልስ የሚባለው አፕ ውስጥ አጠገቡ ትንሽ ደመናና ወደ ታች ቀስት ካያችሁ ስልኩ ውስጥ የለም ማለት ነው። አይኦኤስ 18 ላይ "ኪፕ ዳውንሎድድ" የሚል ነገር መጥቷል፤ ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት ይመጣል፣ እሱን ስትሉ ቦታ ቢጠብም አይነካውም። አለቃችንን ይህን ሳሳያቸው ከሦስት መቶ ምናምን ፋይል ውስጥ ደመና ያልያዘው ጥቂት ነበር። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፣ አለቃ ናቸው። ሎው ፓወር ሞድ ሲበራም ከኋላ የሚወርደው ነገር ይቆማል፤ ባትሪያቸው ደግሞ ሁሌ ቢጫ ነው።

ፎቶም ያው ነው። ጉግል ፎቶስ "ፍሪ አፕ ስፔስ" ሲላችሁ ውሸት አይናገርም፤ ወደ ላይ የተጫነውን ከስልኩ ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የምታዩት የደበዘዘውን ትንሽ ምስል ነው። የፌሮውን ቁጥር በፎቶ አነሳሁ ብላችሁ አጉልታችሁ ልታነቡ ስትሞክሩ ጭጋግ ነው። ለመስክ የምትፈልጉትን ፎቶ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ስልኩ መልሳችሁ አውርዱት።

እንግዲህ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እኛ አገር የብዙ ሰው ክላውድ ቴሌግራም ነው። "ሴቭድ መሴጅስ" ውስጥ የማይገባ ነገር የለም፤ የዲግሪው ስካን፣ የቤቱ ካርታ፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት። አልቃወምም። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል፣ ኔትወርክ ደካማ ሲሆን ራሱ ይቀጥላል፣ ጥሩ ነው። ግን ቴሌግራምም ያጸዳል። ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ ውስጥ የወረደው ነገር ስልኩ ላይ ምን ያህል ጊዜ ይቆይ የሚል ምርጫ አለ። እዚያ ሳምንት ወይ ወር ከተባለ፣ ያን ያህል ጊዜ ያልከፈታችሁት ከስልኩ ይጠፋል፣ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ይቀራል። ፋይሉ አጠገብ ወደ ታች የምታይ ቀስት ካለች ስልካችሁ ውስጥ የለም። አንድ ጓደኛዬ የሥራ ቃለ መጠይቅ ሄዶ በር ላይ ቆሞ ነው ያቺን ቀስት ያያት።

ሰዓት። ይህንን ብዙ ሰው አያስብም። አንዳንዱ ስልኩን በኛ አቆጣጠር እንዲያሳየው ብሎ ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ለማየት ደስ ይላል። ግን ባለ ስድስት አሃዝ የመግቢያ ኮድ በሚያወጣ አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ኮዱ የሚሰላው ከሰዓቱ ነው፣ ስለዚህ ይሳሳታል፣ አካውንታችሁም አያስገባችሁም። ቀኑ ጨርሶ ከተዛባ ደግሞ አፖቹ ከሰርቨር ጋር አይግባቡም። ሰዓቱን ለስልኩ ተዉለት፣ የኛን ለማየት የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ አለ።

ሁለት አካውንት ያላችሁም እዩ። ኦፍላይን ያደረጋችሁት በቢሮው አካውንት ነው፣ አሁን የተከፈተው የግላችሁ ነው፣ ከላይ በቀኝ ያለችው ክብ ፎቶ ትነግራችኋለች። ደግሞ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ጂሜልንም ፎቶንም ጨምሮ ነው። የቢሮው አካውንት ሞልቶ ከሆነ አዲሱ ድሮዊንግ መጀመሪያ ወደ ላይም አልወጣም፣ ስልካችሁን አትውቀሱት።

ለድሮዊንግ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዲደብሊውጂውን (ድሮዊንጉ የሚሠራበትን ዋናውን ፋይል) ኦፍላይን አድርጌ፣ በደንብ ወርዶ፣ ሳይት ላይ ልከፍተው ስል መክፈቻው አፕ "ግባ" ብሎ ኢሜይልና ፓስወርድ የጠየቀኝ ቀን አለ። ፋይሉ አለ፣ ቁልፉ የለም። ከዚያ ወዲህ ለሳይት የሚሄደው ሁሉ ፒዲኤፍ ነው፣ ስሙም ላይ ቀን አለበት። ቀኑ ራሱ ጣጣ ነበረው፤ አንዱ ባልደረባችን በኢትዮጵያ ይጽፋል፣ ሌላው በፈረንጅ፣ 3 ቁጥር ኅዳር ይሁን ማርች ማን ያውቃል። አሁን ወሩን በፊደል ነው የምንጽፈው።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎም እንዴት ነው እርግጠኛ የምሆነው? እኔ የማደርገው አንድ ነገር ነው። ማታ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ ገና ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሆኜ፣ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አደርገዋለሁ። ዋይፋይም መጥፋቱን አያለሁ፤ አንዳንድ ስልክ ፍላይት ሞድ ላይ ሆኖ ዋይፋዩን እንደበራ ይተወዋል፣ ያኔ ፈተናው ዋጋ የለውም። አፑን ከቅርብ ጊዜዎቹ ዝርዝር ጠርጌ አጠፋለሁ፣ እንደገና እከፍተዋለሁ፣ ነገ የምፈልጋትን ገጽ ራሷን እከፍታለሁ፣ አጉልቼ ቁጥሩን አነባለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ማየት አይበቃም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካልተከፈተ ፍላይት ሞዱን አጥፍቼ ላስተካክል እችላለሁ፣ ገና ቤቴ ነኝ። ያቺ ድንጋይ ላይ ቆሞ ማወቅ ሌላ ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ሳይት ተመለስኩ። አንደኛ ፎቅ ደርሰናል፣ የቢሙ (የአግድም ተሸካሚው) ካዛፎርማ ተመቶ አልቋል። ጋሼ ገና ሳልጠይቃቸው "እህስ፣ ዛሬ ስልኩ ይናገራል?" አሉኝ። ከፈትኩ። ኔትወርክ የለም፣ ቢሙ ከነፌሮው፣ ከነስታፋው፣ ከነቀኑ ቁጭ ብሏል። ኮራ ብዬ ሰጠኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት፣ አዩት፣ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ አንጸባረቀባቸው፣ በእጃቸው ጋረዱት፣ መለሱልኝ። "አንብብልኝ" አሉ።

አነበብኩ። ጋሼ ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አወጡና ቁጥሩን ካዛፎርማው ጣውላ ላይ በትልቁ ጻፉት።